ካሪያኩ፤ የሄዱት የማይዘነጉባት ደሴት



በልደት ሰሞን ስለ ቤተ ልሔም ከተማ፣ ስለ ላሊበላ ቤዛ ኩሉ፣ በየሜዳው ስለሚካሄደው የገና ጨዋታ መጻፍና ማንበብ የተለመደ ነው። በዛሬው የበዓል ገጻችን ግን አንባብያንን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት ልንወስድ ወደድን። የዚህች ደሴት ሕዝብ በዓል ሲያከብር በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠውን ብቻ አያስብም። በሞት የተለየውንም፣ ባሕር ተሻግሮ የቀረውንም፣ አያት ቅድመ አያቶቹ በግፍ ተነጥቀው የወጡበትን አገርም በድግሱ መካከል ያነሣል። ሣልስትና አርባ የሚያወጣ፣ ሙት ዓመትና ተዝካር የሚደግስ ቤተሰብ ይህን ወግ ሲሰማ እጅግም እንግዳ እንደማይሆንበት እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ደሴቲቱ ካሪያኩ ትባላለች። በካሪቢያን ባሕር ምሥራቃዊ ጠርዝ የምትገኝ፣ በ1974 ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው የግሬናዳ አካል ናት። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከፍተኛው ኮረብታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር አይደርስም። የነዋሪዋ ቁጥር ከአሥር ሺሕ በታች ነው። ወንዝ የሚባል ነገር የላትም። ሕዝቡ ከጣሪያ ላይ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በማጠራቀሚያ ጉድጓድ አቁሮ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣዋል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ ስለ አንድ በዓል ስንናገር ይጠቅመናል።

ደሴቲቱን አስቀድመው የያዟት ፈረንሳውያን ሲሆኑ፣ በ1763 በተደረገው የፓሪስ ውል መሠረት ለእንግሊዞች ተላለፈች። ሁለቱም ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት እየተጫነ በመጣ ሕዝብ ጉልበት ጥጥና ሸንኮራ አገዳ አመረቱባት። ኦገስት 1 ቀን 1834 የባርነት ሕግ ሲሻር፣ ትርፉ የቀነሰባቸው ባለርስቶች ጥቂት በጥቂት ለቅቀው ሄዱ። ጥቁሩ ሕዝብ ደረቋን መሬትና በዙሪያዋ ያለውን ባሕር ይዞ ብቻውን ቀረ ለማለት ይቻላል። የበዓላቱ ወግ ሳይበረዝ ለረጅም ዘመን የቆየው በዚህ ብቸኝነት ምክንያት መሆኑን የደሴቲቱን ባሕል ያጠኑ ምሁራን ይናገራሉ።

አሁን ወደ ልደት በዓል እንመለስ። በካሪያኩ ልደት የሚከበረው ዲሴምበር 25 ቀን ቢሆንም ድምፁ መሰማት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። የአንድ መንደር ሰዎች ቫዮሊን፣ ጊታር፣ ባንጆ፣ ኳትሮ የሚባለውን ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር፣ ከበሮና በብረት ዘንግ የሚመታ ብረት ይዘው በሌሊት ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። የቤቱ ባለቤት ተነሥቶ በር እስኪከፍትላቸው ድረስ ይዘፍናሉ፤ ሲከፈትላቸውም ይበላሉ፤ ይጠጣሉ። ይህ ወግ ፓራንግ ይባላል። ስሙ ከስፓኒሽ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ በአቅራቢያው ባሉት በትሪኒዳድና በቬኔዙዌላም ተመሳሳይ ልማድ አለ። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ከልደት በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ሂልስቦሮ በምትባለው ዋና ከተማቸው የፓራንግ ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ የየመንደሩ ቡድኖችም በዳኞች ፊት ይወዳደራሉ።

ውድድሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የ«ሆሣዕና» ቡድኖች ውድድር ነው። እነዚህ ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ፣ በጉሮሯቸው ብቻ የልደት መዝሙር የሚያሰሙ ዘማርያን ናቸው። እኛ ሆሣዕና ስንል ዘንባባ የሚታሰርበት እሑድ ትዝ ይለናል፤ እነርሱ ግን ቃሉን ለልደት አውለውታል። ሁለተኛው የባለ አውታር መሣሪያዎች ቡድኖች ውድድር ሲሆን፣ የዚህ ዝና ያለው በግጥሙ ላይ ነው። ገጣሚዎቹ በዓመቱ ውስጥ በደሴቲቱ የተሰማውን ነውር፣ ሐሜት፣ የባለሥልጣን ጥፋትና የጎረቤት ጠብ ሁሉ በዜማ አዋዝተው በአደባባይ ያወጡታል። ዓመቱን ሙሉ ሲንሾካሾክ የቆየው ነገር በልደት ዋዜማ በግልጽ ይዘፈናል ማለት ነው። የአዝማሪን ምላስ ለሚያውቅ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም መዝሙሩና ሐሜቱ በአንድ መድረክ፣ በአንድ ሰሞን መቅረባቸው ይህን ጸሐፊ ሳያስገርመው አልቀረም።

በዚህ ሰሞን ወደ ደሴቲቱ የሚገቡት ጀልባዎችና ትንንሽ አውሮፕላኖች በሰው የተሞሉ ናቸው። ካሪያኩ ልጆቿን በየአገሩ የበተነች ደሴት ናት። ወንዶቹ ከጥንት ጀምሮ መርከበኞች ሲሆኑ፣ በተለያየ ጊዜ ወደ ትሪኒዳድ፣ አሩባ ደሴት ወደሚገኘው የነዳጅ ማጣሪያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በእንግሊዝ አገር ሐደርስፊልድ በምትባለው ከተማ፣ በኒውዮርክም ብሩክሊን ውስጥ የካሪያኩ ተወላጆች በብዛት ይገኛሉ። እነርሱ የሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ልጅ ያስተምራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ለሙታን ሐውልት ያቆማል።

የሐውልቱ ድግስ

የካሪያኩ በዓላት እምብርት ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ጥቂት ሰፋ አድርገን የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

በደሴቲቱ አንድ ሰው ሲሞት ቀብሩ ወዲያውኑ ይፈጸማል። ከዚያም በሦስተኛው፣ በዘጠነኛውና በአርባኛው ሌሊት ዘመድና ጎረቤት በሟቹ ቤት ተሰብስቦ ይጸልያል፤ መዝሙርም ይዘምራል። ቁጥሮቹ ለእኛ ጆሮ ምን ያህል ቅርብ እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን የሟቹ ጉዳይ ተፈጸመ አይባልም። በመቃብሩ ላይ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ የተሠራና ስሙ የተጻፈበት ሐውልት መቆም አለበት። ሐውልቱ የሚቆመውም ተራ በሆነ ቀን ሳይሆን ትልቅ ድግስ ተደግሶ ነው። ድግሱ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ የወለዱት ሁሉ ከተሰደዱበት እንዲመጡም ስለሚፈለግ፣ በሞቱና በሐውልቱ መካከል ብዙ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ሙሉ ዕረፍት አላገኘም ተብሎ ይታመናል።

ሟቹ የተዘነጋ ሲመስለው ለአንዱ ዘመድ በሕልም ይታየዋል ይላሉ። ምግብ ይጠይቃል፤ ወይም ለምን ረሳችሁኝ ብሎ ይወቅሳል። ሕልሙን ያየው ሰው ነገሩን ለቤተሰቡ ይናገራል፤ በውጭ አገር ላሉትም መልእክት ይላካል። በብሩክሊን የምትኖር ልጅ እናቷን በሕልሟ አይታ ለድግሱ ገንዘብ ማጠራቀም ብትጀምር በካሪያኩ ማንም አይስቅባትም።

የድግሱ ዕለት በግና ፍየል ይታረዳል። ደጅ ላይ በሦስት ድንጋይ ጉልቻ ትልልቅ ድስት ይጣዳል። ሩዙና የበቆሎ ገንፎው ከበሰለ በኋላ በእጅ እየተድበለበለ ይቀርባል። በሐውልቱና በመሬቱ ላይም ውኃና ሩም ይረጫል። ሩም ማለት ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ብርቱ አረቄ ሲሆን፣ በደሴቲቱ የሚወደደው «ጃክ አይረን» የተባለው ዓይነት በረዶ ሲጨመርበት በረዶውን ወደ ታች የሚያሰምጥ ነው ይባልለታል። ማታ ደግሞ በቤቱ ውስጥ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ከምግቡ ሁሉ እየተቆነጠረ ይቀመጣል። ይህም «የወላጆች ሳህን» ይባላል፤ ለሞቱት ወላጆች ተብሎ የሚቀመጥ ነው። ሌሊቱን ማንም አይነካውም። ሲነጋ ሕፃናትና ጎረቤቶች ይካፈሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተዝካር ለሟቹ ነፍስ ጸሎትና ፍትሐት የሚደረግበት፣ ድሃ የሚመጸወትበት ነው፤ ሙታን ይበሉልናል ተብሎ ማዕድ አይዘረጋም። በካሪያኩም የካቶሊክና የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይህን ልማድ ሁልጊዜ በበጎ ዓይን ሲያዩት አልኖሩም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ በኖቬምበር 1 እና 2 በሚውሉት የቅዱሳንና የሙታን መታሰቢያ ቀናትም በመቃብሮቹ ላይ ሻማ ያበራል፤ ለሐውልቱ ድግስም ያንኑ የጸሎት መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱን መለየት የእኛ ድርሻ ነው። ነገር ግን ስማቸው በመርከብ ጭነት መዝገብ እንደ ዕቃ የተጻፈ ሰዎች የልጅ ልጆች የእያንዳንዱን ሟች ስም በድንጋይ ላይ ለማስጻፍ ዕድሜ ልክ ሲያጠራቅሙ ማየት፣ ቢያንስ ለዚህ ጸሐፊ፣ ቀላል ነገር ሆኖ አልታየውም።

ባዶ የሚተወው ክብ

የሐውልቱ ድግስ ሲመሽ ታላቁ ከበሮ ይመታል። ሦስት ከበሮዎች ናቸው፤ በጥንቱ ጊዜ ሩም ከሚመጣበት በርሜል እየተሠሩ በፍየል ቆዳ የሚለጎሙ። ሁለቱ «ቡላ» ይባላሉ፤ ከእንሰቱ ቡላ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። እነርሱ አንድ ዓይነት ምት ሳያቋርጡ ይይዛሉ። ሦስተኛው መሐል ተቀምጦ የጨፋሪዋን እግር እየተከተለ የሚናገር ነው። አውጪዋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፣ ፍሬ የተጨመረበት ቅል በእጇ እያንሿሿች ዜማውን ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል።

የዘፈኖቹ አወጣጥ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚመጡት «የነገድ ዘፈኖች» ናቸው። ከእነርሱም ቀዳሚው የክሮማንቲ ነው። ክሮማንቲ በዛሬዋ ጋና የባሕር ዳርቻ ከሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ የተገኘ ስም ሲሆን፣ በዚያ በኩል ተጭነው የመጡት ሁሉ በዚሁ ተጠሩ። ቀጥሎ የኢግቦ፣ የማንዲንግ፣ የቴምኔ፣ የኮንጎ፣ የአራዳ፣ የቻምባ፣ የሞኮና የባንዳ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ነገድ የራሱ ምትና የራሱ እርምጃ አለው። ከመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች አንዱም የይቅርታ ዘፈን ነው። ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው ሳያውቁ ለበደሉት ሁሉ ከአባቶቻቸው ምሕረት ይለምኑበታል።

በድግሱ መካከል ክቡ ባዶ የሚተውበት ጊዜ አለ። ከበሮው ይመታል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሟል፤ መሐል ግን ማንም አይገባም። ያ ቦታ ለሞቱት የተተወ ነው ይባላል። ጥቂት ቆይቶ ሕያዋን ይገቡበታል።

በ1953 ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ያጠና ኤም. ጂ. ስሚዝ የተባለ ጃማይካዊ የማኅበረሰብ ሊቅ፣ በዚያን ጊዜ የነበሩ ሽማግሌዎች የትኛው ነገድ ልጅ እንደሆኑ በአባታቸው በኩል ቆጥረው ያውቁ እንደነበር ጽፏል። ከባርነት ሕግ መሻር በኋላ 119 ዓመት አልፎ፣ አንድም የጽሑፍ ማስረጃ ሳይኖር፣ አንድ ገበሬ «እኔ ቴምኔ ነኝ» ማለት የቻለው ዘፈኑ ስለነበረው ነው። በሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ይህን ያህል የነገድ ስም በሥርዓቱ ተጠብቆ የተገኘበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሽማግሌ በካሪያኩ ሲሞት የሚጠፋው አንድ ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ የሰው የትውልድ መዝገብም አብሮት ይዘጋል። የዛሬ ወጣቶች ከበሮውን በትምህርት ቤትና በባሕል ቡድን ይማሩታል፤ ለጎብኚዎችም ያሳዩታል። ከግቢ ወደ መድረክ ሲወጣ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆየው ነገር በአንድ ሰዓት ማለቅ ግዴታ ይሆንበታል። ለመድረክ የሚያጥር ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚቀነስለት ደግሞ ለማያውቀው ሰው አሰልቺ የሚመስለው ክፍል ነው። ባዶው ክብ ለቱሪስት ምን ይነግረዋል?

ስለ ዝናብ የሚደረገው በዓል በሚያዝያና በግንቦት መካከል፣ ደረቁ ወቅት ሲያበቃ የሚውል ነው። «ማሩን» ይባላል። ወንዝ በሌላት ደሴት ላይ ሰማይ ምን ያህል በናፍቆት እንደሚታይ አስቀድመን ያስያዝነው ለዚህ ነበር። መንደሩ በሙሉ እህሉንና እንስሳውን ያዋጣል፤ ምግቡ ደጅ ላይ በእንጨት እሳት ይበስላል፤ መሬቱ ላይ ውኃ ይፈስሳል፤ ከበሮው ይመታል፤ መጪውም አላፊውም ሳይከፍል ይበላል። ማሩን የሚለው ቃል በዚያ አገር የኅብረት ሥራንም ያመለክታል፤ እኛ ደቦ እንደምንለው ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ የመሥዋዕት ማዕድ ያላቸው ሌላ ስም ደግሞ «ሳራካ» ነው። ምሁራን ይህ ቃል ምጽዋት ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሰደቃ» የመጣ፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ እስልምናን ከተቀበሉ ሕዝቦች ጋር ውቅያኖሱን የተሻገረ መሆኑን ይናገራሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰደቃ ሲያወጡ የሚሉት ቃል ክርስቲያን በሆነች የካሪቢያን ደሴት ለዝናብና ለሙታን በሚወጣ ማዕድ ላይ መገኘቱ የሚደንቅ ነው።

በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት የጀልባ ውድድር አለ። ወቅቱ የባርነት ሕግ የተሻረበት መታሰቢያ ነው። ውድድሩን በ1965 የጀመረው ሊንተን ሪግ የተባለ የመርከብ ወዳጅ ሲሆን፣ ዓላማውም የደሴቲቱ ጠራቢዎች ሙያቸውን እንዳይተዉ ማበረታታት ነበር። ጠራቢዎቹ በብዛት የሚገኙት ዊንድዋርድ በምትባለው መንደር ነው። የስኮትላንድ መርከብ ሠሪዎች ዘር ያለባቸው ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ በወረቀት ላይ ንድፍ ሳያወጡ፣ በዓይን ልክ ብቻ ከደሴቲቱ እንጨት ጀልባ ያዋቅራሉ። ሙያው በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አዲስ ጀልባ ወደ ባሕር የሚገባበት ቀን እንደ ክርስትና ቀን ነው ብንል አልተሳሳትንም። ካህን መጥቶ ይባርካል። ጀልባዋ የክርስትና አባትና እናት ይመረጡላታል። ስሟ የተጻፈበት ባንዲራ እስከ ሰዓቱ ተጠቅልሎ ይቆይና በሕዝብ ፊት ይዘረጋል። በግ፣ ፍየልና ዶሮ ይታረዳል። ከዚያም ጠራቢዎቹ ደግፈው የያዟትን ምሰሶዎች በአንድ ወገን በመጥረቢያ ይቆርጣሉ። ጀልባዋ ቀስ ብላ በጎኗ ትጋደማለች። ሕዝቡ ገመዱን ይዞ፣ እየዘፈነ፣ በግንድ ላይ እያንከባለለ እስከ ውኃው ይጎትታታል። በዚያ ቀን ሥራ ፈት ተመልካች አይኖርም፤ ከበላ መጎተት አለበት።

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ማክሰኞ፣ በእኛ አነጋገር በቅበላ መሆኑ ነው፣ በካርኒቫል ሌላ የሚያስደንቅ ትዕይንት ይታያል። ባለቀለም ካባ የደረቡ፣ ከወንፊት ሽቦ የተሠራ ጭንብል ያጠለቁ፣ ጭንቅላታቸውን በወፍራሙ የሸፈኑ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ከሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ቴያትር አንድ ክፍል በቃሉ ይወጣል። ባልደረባው የሚቀጥለውን ይጠይቀዋል። የሳተ በጅራፍ ወይም በበትር ይመታል። መንደር ከመንደር እየተገናኘ ይፎካከራል። ነገሩ የመጣው በቅኝ ግዛት ዘመን ተማሪዎች ቃል በቃል ያጠኑት ከነበረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መምህሩ በዱላ ያስጠናቸውን እነርሱ ወስደው ጨዋታ አደረጉት። በጥፋት የሚመታበት ትምህርት ምን እንደሚመስል የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው አያጣውም።

ይህን ሁሉ የዓመት ዙር በሥዕል ያስቀመጠ አንድ ሰው ነበር። ካኑት ካሊስት ይባላል። በ1914 ተወልዶ በ2005 ያረፈ፣ ሌስቴር በሚባለው መንደር የኖረ፣ ሥዕል ማንም ያላስተማረው ሰው ነው። በልጅነቱ ከባሕር ዳር ሴት ዓሣ እንደተገለጠችለትና ተሰጥኦውን ከእርሷ እንዳገኘ ይናገር ነበር። ቫዮሊን ተጫዋችም ስለነበር የሚሥለውን በዓል ራሱ ሲያስጨፍር የኖረ ነው። የጀልባ ምረቃ፣ ታላቁ ከበሮ፣ ሠርግ፣ ኳድሪል የሚባለው የአራት ጥንዶች ጭፈራ፣ ሁሉም በደማቅ ቀለም በትንንሽ ሰሌዳ ላይ ተቀምጧል። በየሥዕሉም ግርጌ ምን እንደሆነ በራሱ ፊደል አጣጣል ጽፎበታል። እኛም አገር የጥንቱ ሠዓሊ «ይህ እንዲህ ሲሆን» ብሎ በሥዕሉ ላይ ይጽፍ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ሥዕሎቹ ሂልስቦሮ በሚገኘው፣ ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረው የደሴቲቱ ቤተ መዘክር ይታዩ ነበር፤ ብዙዎቹም በውጭ አገር ሰዎች እጅ ገብተዋል።

ጁላይ 1 ቀን 2024 እኩለ ቀን ሳይደርስ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር እየበረረ ካሪያኩን መታት። የግሬናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ዲከን ሚቼል ደሴቲቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሬት ላይ መዘርጋቷን ለዓለም ተናገሩ። ከቤቶቹ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ፈርሰዋል ወይም ጣሪያቸው ተገንጥሏል። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቶቹና አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጀልባዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሸሸጉበት የታይረል ባሕረ ሰላጤ የማንግሮቭ ጫካ በዚያ ቀን መሸሸጊያ ሊሆን አልቻለም፤ ዛፎቹ ቅጠላቸው ተላጭቶ ቆሙ፤ ጀልባዎቹም እርስ በርሳቸው ተደራርበው ተሰባበሩ። የጀልባው ውድድር ሰሞን አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

በዓል ቤት ይፈልጋል። የወላጆች ሳህን ለማስቀመጥ ጣሪያ ያለው ክፍልና ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ከበሮውን ለመምታት ግቢ፣ ፍየሉን ለማረድ ፍየል፣ ዘፈኑን ለማውጣት ከእነ ሥርዓቱ የሚያውቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ቤቱ ፈርሶበት ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ትሪኒዳድ ወይም ወደ ኒውዮርክ ቢሄድ፣ ዘፈኑም አብሮት ሄደ ማለት ነው። ለሐውልት ሲጠራቀም የነበረው ገንዘብም አስቀድሞ ለቆርቆሮ ይውላል። ከሕያው ጣሪያና ከሟች ሐውልት ለየትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣ ነው፤ መልሱም ግልጽ ቢሆን እንኳ ለማንም ቀላል አይሆንም።

ካሪያኩ ከዚህ ቀደምም እንዲህ ያለ ቀን አይታለች። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1955 ጃኔት የተባለው አውሎ ነፋስ ቤቶቿን አፍርሶ፣ ሰው ገድሎ አልፏል። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ወጣት ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። የቀሩት ግን በማሩን እየተጠራሩ፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን እየሠሩ ቤቶቹን መልሰው አቆሙ። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1962 አለን ሎማክስ የተባለ አሜሪካዊ የሕዝብ ዜማ አጥኚ የድምፅ መቅረጫ ይዞ ወደ ደሴቲቱ መጣ፤ የታላቁን ከበሮ የነገድ ዘፈኖች፣ የልደት መዝሙሮችን፣ በለቅሶ ቤት የሚዘመረውንም ሳይቀር ቀረጸ። ቅጂዎቹ ዛሬም ይደመጣሉ።

ከጃኔት በኋላ የተሰደዱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በሐደርስፊልድና በብሩክሊን አሉ። በ2024ቱ አውሎ ነፋስ ማግሥት ዱቄቱን፣ ምስማሩንና ልብሱን በየበርሜሉ እያሸጉ በመርከብ ወደ ካሪያኩ የላኩት እነርሱ ናቸው።